ስለ ጡረታና ስለ ግብር፤ ከጡረተኛ ግብር መቀበል ይገባልን?

ሰው ተወልዶ እስኪሞት ድረስ በሦስት ዘመን ያልፋል። በመጀመሪያው ዘመን ሌሎች ይሸከሙታል፤ በሁለተኛው ዘመን እርሱ ሌሎችን ይሸከማል፤ በሦስተኛው ዘመን ጕልበቱ ሲደክም፥ ዐይኑም ሲፈዝ፥ ተመልሶ ሌሎች ይሸከሙታል። የመጀመሪያውን ሸክም አባትና እናት በፍቅር ስለሚሸከሙት ክርክር የለበትም። ሁለተኛውም የጕልማሳ ዕጣ ነውና ማንም አያደንቀውም። የሦስተኛውን ዘመን ሸክም ግን ማን ይሸከመው? ምን ያህልስ ይሸከመው? የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሰውን ሲያከራክር ኖሯል፤ ዛሬም ሕግ በሚወጣበት ሸንጎ ሁሉ ይሰማል።

ጥያቄው በዘመናችን የያዘው መልክ ይህ ነው። አንድ ሰው 40 ዓመት ሠርቶ፥ በየወሩ ከደመወዙ ግብርም የጡረታ መዋጮም ሲቈረጥበት ኖሮ፥ በስተርጅና ጡረታውን ሲቀበል፥ መንግሥት ከዚያ ጡረታ ላይ እንደ ገና ግብር ይቀበል ዘንድ ይገባልን? ወይስ ሊምረው ይገባል? የሚምረውስ ቢሆን ሁሉን እኩል ይማር ወይስ ድኻውን ከባለጸጋው ለይቶ ይማር?

ነገሩን በባዶ ቃል እንዳንከራከርበት የአሜሪካን የተባበሩ ግዛቶች ምሳሌ አድርገን እንመርምረው። ያንን አገር የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ በዚያ አገር ከማዕከላዊው መንግሥት ግብር ሌላ 50ው ግዛቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የግብር ሕግ ስላላቸው፥ ለአንዱ ጥያቄ የተሰጡት ልዩ ልዩ መልሶች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ ተሰልፎ የቆመ ነገርም ለማመዛዘን ይመቻል። ሁለተኛ፥ ከአገራችን ወጥተው በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፥ ደግሞም በጆርጂያ፥ በካሊፎርኒያ፥ በቴክሳስና በሚኒሶታ የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸው። በጕልማስነታቸው ታክሲ የነዱት፥ በሆቴልና በሆስፒታል ያገለገሉት ዛሬ ጠጕራቸው ሸብቷልና የዚህ ሕግ ነገር ይነካቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስሞቹን እንመልከት፤ ስም ሳይፈታ ነገር አይፈታምና። ጡረታ የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ይኸውም ልጅ ያረጁትን አባቱንና እናቱን መግቦ አልብሶ ማኖሩ ነው። ልጅ ያጣ ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ብሎ የሚያዝነው ስለዚህ ነው። ሥሩም በግእዝ «ጾረ» ነው፤ ተሸከመ ማለት ነው፤ ጾርም ሸክም ነው። እንግዲህ ጡረታ በመሠረቱ የሰው ሰውን መሸከም ነው እንጂ የገንዘብ ስም አይደለም።

ግብር የሚለው ቃል ደግሞ «ገብረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ሦስት ትርጕም ይዞ ይኖራል። አንደኛው ሥራ ነው፤ የሰው ግብሩ ሥራው ነውና። ሁለተኛው ለመንግሥት የሚከፈለው ነው። ሦስተኛው በንጉሥና በመኳንንት አዳራሽ ይበላ የነበረው ማዕድ ነው፤ «ግብር ገባ፥ ግብር አበላ» ይባል ነበር። ሦስቱ ነገር በአንድ ስም መጠራቱ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለበት። ሰው ይሠራል፤ ከሠራው ከፍሎ ለመንግሥት ይሰጣል፤ መንግሥትም የተቀበለውን መልሶ ለሕዝቡ ማዕድ ያደርገዋል። ጡረተኛ ማለት የመጀመሪያውን ግብር የፈጸመ፥ ሁለተኛውን ሲከፍል የኖረ፥ ዛሬ በሦስተኛው የተቀመጠ ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን በአጭር ቃል እንዲህ ይሆናል፤ በማዕድ የተቀመጠ ሰው ከሚጐርሰው ላይ ለማዕዱ እንዲያዋጣ መጠየቅ ይገባልን?

በአሜሪካ አገር ይህ ማዕድ የተዘረጋበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በነሐሴ 14 ቀን 1935 ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። የወር ጡረታ መከፈል የተጀመረው በጥር 1940 ሲሆን፥ የመጀመሪያውን ቼክ የተቀበለችው በቨርሞንት ግዛት በለድሎው ከተማ የምትኖር ኢዳ ሜይ ፉለር የምትባል ሴት ናት፤ ልኩም 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበረ። ይህች ሴት ለጡረታው ያዋጣችው በሦስት ዓመት ውስጥ 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ ነው። እስከ 1975 በሕይወት ኖራ በ100 ዓመቷ ስትሞት ግን የተቀበለችው በጠቅላላው ከ22,000 ዶላር ይበልጥ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለመደነቅ አይደለም፤ ከእርሱ አንድ ታላቅ ነገር ስለምንማር ነው። ብዙ ሰው ጡረታን በሙዳይ አስቀምጦት ኖሮ መልሶ እንደሚያወጣው የራሱ ገንዘብ አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የኢዳ ሜይ ፉለር 24 ዶላር በሁለተኛው ወር አልቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 35 ዓመት የጦሯት በየፋብሪካውና በየሱቁ ይሠሩ የነበሩ፥ እርሷም የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። በ1950 በዚያ አገር ለአንድ ጡረተኛ 16 ያህል ሠራተኞች ያዋጡ ነበር፤ ዛሬ የሚያዋጡት ከ3 ያነሱ ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፥ ሸክሙ ያው ሆኖ ተሸካሚው ሲያንስ ጌጥ የነበረው ትከሻ ያጐብጣል። ስለዚህ ለሽማግሌው ምሕረት ሲደረግ ምሕረቱን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ክፋት አይደለም። ግዛቶቹ ከጥቂቶቹ በቀር ገቢያቸውንና ወጪያቸውን እኩል ማድረግ በሕግ የታዘዙ ናቸው፤ ከአንዱ የተማረው ግብር ከሌላው ይፈለጋል፥ ወይም ከትምህርት ቤቱና ከመንገዱ ይጐድላል።

የማዕከላዊው መንግሥት ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ላይ እስከ 1983 ድረስ ግብር አይቀበልም ነበር። በዚያ ዓመት የጡረታው ሣጥን ሊጐድል ስለ ቀረበ፥ በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የወጣው ሕግ፥ ብቻውን ለሚኖር ሰው ገቢው ከ25,000 ዶላር፥ ለባልና ሚስት ከ32,000 ዶላር ሲያልፍ የጡረታው እስከ እኩሌታው ድረስ በግብር እንዲቈጠር አዘዘ። በ1993 ደግሞ ገቢያቸው ከዚህ ከፍ ባለው ላይ እስከ ከመቶ 85 ድረስ እንዲቈጠር ሆነ። የእነዚህ ወሰኖች ልክ ግን የኑሮ ውድነት እየጨመረ ሲሄድ አብሮ ከፍ አላለም። ስለዚህ በ1984 ባለጸጋ ይባል የነበረውን ብቻ የያዘው መረብ ዛሬ መካከለኛውንም ሰው ይይዛል፤ ሕጉ ሳይለወጥ ፍርዱ ተለወጠ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ 65 ዓመት ለሞላው ሰው ከገቢው 6,000 ዶላር እንዲቀነስለት እስከ 2028 ድረስ ፈቅዷል፤ ይህም የሰውየው ገቢ ከ75,000 ዶላር ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለውን ግን እያንዳንዱ ግዛት እንደ ወደደ ይፈርዳል።

ከጡረታ ላይ ግብር አይገባም የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አራት ናቸው፤ እያንዳንዱን በየተራው እንመዝን።

የመጀመሪያው ምክንያት፥ ከአንድ በሬ ሁለት ጊዜ ቆዳ አይገፈፍም የሚል ነው። ሰውየው ሲሠራ ግብር ከፍሏል፤ ያጠራቀመው ከተከፈለበት የተረፈው ነው፤ እንግዲህ ሁለተኛ አይጠየቅም ይላሉ። ይህ ቃል እውነት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን እኩሌታው እውነት፥ እኩሌታው ያልተመረመረ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 6.2 ያዋጣል፤ አሠሪውም ያን ያህል ይጨምርለታል። ሠራተኛው በሚያዋጣው ላይ የገቢ ግብር ተከፍሎበታል፤ አሠሪው በሚጨምረው ላይ ግን ሠራተኛው ግብር አልከፈለበትም። በ1983 እኩሌታው ብቻ ይቈጠር የተባለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደግሞ «ፎር ኦ ዋን ኬ» በሚባለው የቍጠባ ሒሳብ የሚገባው ገንዘብ እንደ ተለመደው ሥርዐት ሲገባ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር አይከፈልበትም፤ ግብሩ ለሽምግልና ቀን ተቀጥሮ የቆየ ነው። እንግዲህ ዕዳው ለነገ የተቀጠረለት ሰው ነገ ሲደርስ «ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ» ቢል ፍርድ አያውቅለትም።

በዚህ ነገር የግዛቶቹን ልዩነት ማየት ይጠቅማል። ፔንሲልቬኒያ ሠራተኛው በዚህ ሒሳብ የሚያስቀምጠውን ሲገባ ግብር ትቀበልበታለች፤ ጡረታ ሲሆን ግን ነፃ ትለቀዋለች። ካሊፎርኒያ ሲገባ ትተወዋለች፤ ሲወጣ ትቀበልበታለች፤ የሶሻል ሴኩሪቲውን ግን አትነካም። ሁለቱም በመንገድ ቢለያዩ በፍርድ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ጊዜ ይቀበላሉና። ኢሊኖይ ግን ሲገባም አትቀበልም፥ ሲወጣም አትቀበልም። ይህ ምሕረት ነው ቢባል ይባል፤ «ሁለት ጊዜ እንዳይጠየቅ» ተብሎ ግን ሊመካኝ አይችልም፤ አንድ ጊዜም አልተጠየቀምና።

ሁለተኛው ምክንያት ሽምግልና ድካም ነው የሚል ነው። ሽማግሌ እንደ ወጣት ተነሥቶ ሌላ ሥራ ሊፈልግ አይችልም፤ መድኀኒቱ ይበዛል፥ ገቢው አይጨምርም። ይህ ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካና እውነት ያለበት ነው። ነገር ግን ሽምግልናና ችግር ብዙ ጊዜ አብረው ቢሄዱም አንድ አይደሉም። የጆርጂያን ሕግ እንመልከት። በዚያ ግዛት 65 ዓመት የሞላው ሰው ከጡረታ፥ ከወለድ፥ ከቤት ኪራይና ከአክሲዮን ትርፍ እስከ 65,000 ዶላር ድረስ ግብር ሳይከፍል ይቀበላል፤ ሚስቱም ያው መብት በየራሷ አላት። በዕድሜው በእጁ ሠርቶ ከሚያገኘው ደመወዝ ላይ ግን ይህ ምሕረት የሚደርሰው ለጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ ነው።

እንግዲህ በአትላንታ ከተማ ሁለት የ70 ዓመት ሴቶች አሉ እንበል። አንደኛዋ ከኪራይና ከአክሲዮን በዓመት 60,000 ዶላር እያገኘች በቤቷ ትቀመጣለች። ሁለተኛዋ በስደት ዘግይታ የመጣች ስለ ሆነች ጡረታዋ አልበቃ ብሏት፥ ጕልበቷን እያመማት የሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ሕጉ የመጀመሪያዋን «አርጅተሻልና ዕረፊ» ይላታል፤ ሁለተኛዋን ደግሞ ገና እንደ ወጣት ይቈጥራታል። በጎናቸውም ሁለት ልጆች የሚያሳድግ፥ በዓመት 30,000 ዶላር የሚያገኝ ወጣት ተሸካሚ ከደመወዙ ግብር ይቈረጥበታል። ሽምግልና ድካም ነው የተባለበት ምክንያት እውነት ከሆነ፥ ምሕረቱ መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው በእውነት ለደከመችው ነበር። ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ምሕረቱ ለሌላ ሲሆን ሰምና ወርቁ የተጣላ ቅኔ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት የፍርሃት ነው። «ግብር ብንጠይቃቸው ትተውን ይሄዳሉ» ይላሉ የግዛት ሹማምንት። በእርግጥም ፍሎሪዳ፥ ቴክሳስ፥ ኔቫዳና ቴኔሲ ከሰው ገቢ ላይ ግብር የማይቀበሉ ስለ ሆኑ፥ ከብርዱም ከግብሩም ሸሽተው ወደዚያ የሚሄዱ ሽማግሎች ጥቂቶች አይደሉም። ቀድሞ አንዳንድ ግዛቶች ለቅቆ የሄደውን ጡረተኛ «ጡረታህን ያፈራኸው በእኛ አገር ነው» ብለው በሄደበት እየተከተሉ ግብር ይጠይቁት ነበር። በ1996 የወጣው የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ግን ይህን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ለቅቆ የሄደን ሰው፥ ወደ ሌላ ግዛት ቢሆን ወደ አዲስ አበባም ቢሆን፥ የቀድሞው ግዛት በጡረታው ላይ ሊከተለው አይችልም፤ የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ግን ዜጋ የሆነውን ሰው በሄደበት ይከተለዋል።

ይህ ፍርሃት ለሒሳብ ይጠቅም ይሆናል፤ ለፍርድ ግን ሚዛን አይሆንም። ሊሄድ የሚችለው መጓጓዣና ሁለተኛ ቤት ያለው ነው፤ ልጆቹን፥ ሐኪሙንና ጐረቤቱን ትቶ ሊሄድ የማይችለው ድኻ በቦታው ይቀራል። ሊሸሽ ለሚችለው ብቻ የሚደረግ ምሕረት ከልመና በቀር ሌላ ስም የለውም። ደግሞም ከገቢ ግብር የማይቀበል ግዛት በሌላ በር ይቀበላል። ቴኔሲ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ከመቶ 7፥ በምግብም ላይ ከመቶ 4 የግዛት ግብር ትቀበላለች፤ ከተሞቹም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ከባለጸጋው ሽማግሌ ጡረታ ያልተወሰደው ከድኻይቱ ሽማግሌ ዳቦ ላይ ይወሰዳል ማለት ነው።

አራተኛው ምክንያት የቃል ኪዳን ነው፤ እኔም ከአራቱ ይልቅ ጽኑ ሆኖ የማገኘው ይህን ነው። ሰው ጡረታ የሚወጣው ኑሮውን አስቀድሞ ለክቶ ነው። ከወጣ በኋላ ልኩን ቢለውጡበት ወደ ሥራው ሊመለስ አይችልም። በሚቺጋን ግዛት የሆነውን እንመልከት። በዚያ የመንግሥት አገልጋዮች ጡረታ ከግዛቱ ግብር ነፃ ነበር። በ2011 የወጣው ሕግ ግን ከ2012 ጀምሮ ሰውን በተወለደበት ዓመት በሦስት ከፈለው፤ ከ1946 በፊት የተወለደው እንደ ቀድሞው ይኑር፥ ከ1946 እስከ 1952 የተወለደው በመጠን ይማር፥ ከዚያ በኋላ የተወለደው ምሕረቱ ይጥበብበት አለ። ነገሩ ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት የጡረታን ገንዘብ ማስቀረትና ከጡረታ ላይ ግብር መቀበል አንድ አይደለምና ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም ሲል መለሰ። በ2023 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ ያንን በየደረጃው እስከ 2026 ድረስ አነሣው።

የፍርድ ቤቱ ነገር በሕግ ቃል ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ በጎ አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት እኩል ዓመት ያስተማሩ፥ እኩል ደመወዝ የተቀበሉ፥ በአንድ ቀን የተሰናበቱ ሁለት መምህራን፥ አንዱ በታኅሣሥ 1945፥ አንዱ በጥር 1946 ስለ ተወለዱ ብቻ ዕጣቸው ተለየ። እኩል የሆኑትን እኩል አለማየት የግፍ ሁሉ መጀመሪያ ነው። በዚሁ ግዛት ቀደም ሲል ሌላ አድልዎ ነበረ፤ ለገዛ አገልጋዮቹ የጡረታ ግብር ይምር ነበር፤ ለማዕከላዊው መንግሥት አገልጋዮች ግን አይምርም ነበር። በ1989 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ አይገባም ብሎ ፈረደ። ዛሬም በኒውዮርክ የመንግሥት ጡረታ በሙሉ ነፃ ሲሆን የግል ድርጅት ጡረታ ነፃ የሚሆነው እስከ 20,000 ዶላር ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤት ያገለገለውና ፋብሪካ ያገለገለው በድካም ይለያዩ ይሆን? ነገሩን ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ።

ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጡረታ የሌለው ሽማግሌ ነገር ነው። ለጡረታ የሚሰጥ ምሕረት ጡረታ ላለው ብቻ ይደርሳል። በሜሪላንድ ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። በዚያ ግዛት 65 ዓመት የሞላው ሰው ከአሠሪው የተቀበለውን ጡረታ፥ ከሶሻል ሴኩሪቲው ጋር ተዛምዶ፥ ወደ 40,000 ዶላር እስከሚጠጋ ድረስ ከግብር ሊያወጣ ይችላል፤ በአሠሪ ሳይሆን ሰው ለራሱ በ«አይ አር ኤ» ሒሳብ ያጠራቀመው ግን በዚህ አይገባም። ቢሮ ውስጥ የሠራው አሠሪ ነበረውና ይማራል፤ 30 ዓመት ታክሲ ነድቶ፥ የሠራተኛውንም የአሠሪውንም መዋጮ ራሱ ከፍሎ፥ ከጕሮሮው ነጥቆ ያጠራቀመው ወንድማችን ግን አሠሪ አልነበረውምና ከዚህ ምሕረት በውጭ ይቀራል። ይኸው ግዛት ግን ከ2022 ጀምሮ ሁለተኛ መንገድ ጨምሯል፤ 65 ዓመት ለሞላውና ገቢው ከ100,000 ዶላር ለማያልፈው ሰው፥ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ ከየት፥ ከግብሩ ላይ 1,000 ዶላር ይቀነስለታል። የመጀመሪያው ሕግ የገንዘቡን ስም ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ሰውየውን ይጠይቃል። ሁለቱ በአንድ ግዛት አብረው ሲቆሙ የትኛው ለፍርድ እንደሚቀርብ ለማየት አያስቸግርም።

ደግሞ ልጆቻቸው ያመጧቸው፥ በዚያ አገር ሠርተው የማያውቁ እናቶችና አባቶች አሉ። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ በተለመደው ሥርዐት የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋልና እነርሱ ጡረታ የላቸውም፤ ጡረታቸው ልጃቸው ነው። ጡረታ በስሙ እንደ ተፈታው መሸከም ከሆነ፥ በእውነት የሚጦረው ይህ ልጅ ነው። የማዕከላዊው መንግሥት የግብር ሕግ ግን ወላጁን ለሚጦር ልጅ ከግብሩ ላይ የሚቀንስለት ለአንድ ወላጅ በዓመት 500 ዶላር ነው። ከባንክ የሚመጣው ጡረታ ብዙ ምሕረት አግኝቶ ከልጅ ክንድ የሚመጣው ጡረታ ጥቂት ማግኘቱ፥ ሕግ የሚቈጠረውን ነገር እንጂ የማይቈጠረውን እንደማያይ ያስረዳል።

ምሕረቱ ለድኻው ብቻ ይሁን በሚል ቃል ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም ሳንመልስ ማለፍ አይገባም። «ሽማግሌን ድኽነትህን አስረዳ ማለት ማዋረድ ነው፤ ደግሞም ቈጥቦ የኖረውን ቀጥቶ አባክኖ የኖረውን መሸለም ነው» ይላሉ። የመጀመሪያው ክፍል መልስ ቀላል ነው። ግብር የሚከፍል ሁሉ፥ ወጣቱም ሽማግሌውም፥ ገቢውን በየዓመቱ ያስታውቃል፤ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ማዋረድ አይባልም። ሁለተኛው ክፍል ግን እውነት አለበት። በቨርጂኒያ 65 ዓመት የሞላው ሰው ከገቢው 12,000 ዶላር ይቀነስለታል፤ ነገር ግን ብቻውን ለሚኖር ሰው ገቢው ከ50,000 ካለፈ በኋላ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዶላር ከምሕረቱ አንድ ዶላር ይነሣበታል። እንዲህ ያለ ቍልቍለት ለቈጣቢው ሰው ገደል ይመስለዋል። ስለዚህ ምሕረቱ መቀነሱ የተገባ ሆኖ ሳለ ቀስ እያለ ሊቀንስ ይገባል፤ መድኀኒትም ቢሆን በልኩ ሲሰጥ ነው የሚያድነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምርመራ የምናገኘው ፍርድ በሦስት ቃል ይጠቃለላል። አንደኛ፥ አንድ ጊዜ ግብር የተከፈለበት ገንዘብ ሁለተኛ አይከፈልበት፤ ፈጽሞ ያልተከፈለበት ግን በስሙ ጡረታ ስለ ተባለ ብቻ ለዘወትር ነፃ አይውጣ። ሁለተኛ፥ ምሕረት የገንዘቡን ስም ሳይሆን የሰውየውን ኑሮ ይመልከት፤ ለኑሮ የሚበቃው መጠን ከጡረታ ቢመጣ፥ ከቍጠባ ቢመጣ፥ ከሽማግሌው የራሱ ላብ ቢመጣ እኩል ይጠበቅ፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደ አቅሙ ያዋጣ። ሦስተኛ፥ ሕግ የሚለወጥ ቢሆን ገና በሥራ ላሉት አስቀድሞ ይነገራቸው እንጂ፥ በሩን ዘግቶ የወጣው ሰው ከኋላው አይቈለፍበት።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ሽማግሌ ጨርሶ አይጠየቅ» የሚለውን ቃል የአክብሮት ጫፍ አድርጎ ያየው ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። በማኅበር ዕድር መዋጮ የተተወለት ሰው ርኅራኄ ተደርጎለታል፤ እንደ አቅሙ የሚያዋጣው ግን በሸንጎው ድምፁ ይሰማል። የሚተርፈው ሽማግሌ ከትርፉ ለልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲያዋጣ ሸክም መሆኑ ቀርቶ እስከ መጨረሻው ተሸካሚ ሆኖ ይኖራል። የማይተርፈውን ግን መጠየቅ ማዕዱን ያቀረበውን እጅ መልሶ ከወጡ ማራቅ ነው። በመጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ከማዕዱ የጠገበው ለማዕዱ ያዋጣ፤ ያልጠገበው ይብላ።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የቆመው በ1961 ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የገቡበት አዋጅም የወጣው በ2011 ነው። እንግዲህ በግል ድርጅት ሠርተው በጡረታ የሚወጡት በብዛት የሚመጡት ገና ወደ ፊት ነው፤ ያን ጊዜ ማን ይጠየቅ? ማንስ ይማር? የሚለው ክርክር በእኛም ደጅ ይደርሳል። ሌሎች በብዙ ድካም የሞከሩትን አይቶ የሚበጀውን መያዝ፥ የማይበጀውን መተው ብልኅነት ነው። ሕግ አውጪዎችም በዚያን ቀን ብዕር ከማንሣታቸው በፊት የጡረታን ስም ትርጕም ቢያስታውሱት ይበጃል፤ ጡረታ መሸከም ነውና፥ ተሸካሚውን ሳያጐብጥ፥ የተሸከሙትንም ሳይጥል የሚሄድ ሕግ ብቻ ስሙን የተከተለ ሕግ ይባላል።